የጓሮ ዶሮና ዳክዬ የአንጀት በሽታ

በዐማራት ከሚኖሩ ቤተሰቦቻችን በግቢያቸው ጥግ ጥቂት ዶሮ የሚያረቡ አሉ፤ እንደ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ዳክዬ የጨመሩም አይጠፉም። እንቁላሉ ለልጆች ቁርስ ነው፤ ዶሮው ደግሞ ለፋሲካ ይጠበቃል። ጫጩቶቹ በአንድ ሳምንት ሲያልቁ ታዲያ «ፈንግል ገባ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። በእኛ አስተያየት ይህ አባባል ራሱ ብዙ ጫጩት ያስጨርሳል፤ ለፈንግል መድኃኒት የለውምና ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ትልቅ ትንሽ ሳይል ይገድላል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አንገት ያጣምማል። መከላከያ ክትባቱ በአገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ኮክሲዲዮሲስ ግን ሌላ ነው። መንስኤው አይሜሪያ የተባለ ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ሲሆን ይበልጥ የሚያጠቃው ከ3 እስከ 6 ሳምንት የሆናቸውን ጫጩቶች ነው። ላባቸውን ነፍተው ይኮማተራሉ፣ ክንፋቸውን ይጥላሉ፣ መብላት ይተዋሉ፤ ኩሳቸው ውስጥም ደም ሊታይ ይችላል። ይህ በሽታ መድኃኒት አለው፤ ደሙን ያየ ሰው ግን ማደር የለበትም።

ጥገኛው የሚተላለፈው በኩስ ነው። ከታመመችው ጫጩት የሚወጣው እንቁላል መሰል ቅንጣት ወዲያው አይበክልም፤ ለመብሰል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ይፈልጋል። እነዚህን ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ይደርሳል። ሌላዋ ጫጩት ስትለቅመው አንጀቷ ውስጥ ይራባና በሳምንት ገደማ ብዙ ሺህ ሆኖ ይወጣል። በረኪና እምብዛም አይጎዳውም። የሚገድለው ድርቀት፣ ኃይለኛ ፀሐይና የፈላ ውሃ ነው።

ካርቱም ደግሞ ከኸሪፍ ወራት በቀር ደረቅ ናት፤ በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ታዲያ በሽታው ከየት ይመጣል? ከሚንጠባጠብ ውሃ! በቀትር ዶሮዎቹ የሚሰበሰቡት ከዚሩ ሥርና ከሙከይፉ መፍሰሻ አጠገብ ነው፤ እዚያው ይኩሳሉ፣ እዚያው ይለቅማሉ። ዳክዬ ካለች ነገሩ ይብሳል። የዶሮ አይሜሪያ ዳክዬን አያሳምማትም፤ የራሷ ዓይነቶች አሏት። ነገር ግን ስትጠጣም ስትታጠብም ውሃውን ስለምትረጭ ጉዝጓዙን አርሳ ለጥገኛው ታበስልለታለች። ስለዚህ የዳክዬ ገንዳ ከጫጩቶች ይራቅ፣ ከዚሩ ሥር ጠጠር ይደልደል ወይም ይታጠር፤ የረጠበ ጉዝጓዝ በየቀኑ ተጠርጎ ይውጣ።

የተለመደው መድኃኒት አምፕሮሊየም ነው፤ በመጠጥ ውሃ ይበጠበጣል። መጠኑ በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን፤ በግምት አይሆንም። «ሰጠናቸው፣ አልሠራም» የሚሉ ወላጆች አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጫጩቶቹ መድኃኒት ያለበትን መጠጫ ትተው ከዚሩ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ይጠጣሉ። ሕክምናው እስኪያበቃ ሌላ ውሃ ማግኘት የለባቸውም። አቅም ይሰጣቸዋል ተብሎ ቫይታሚን አብሮ መበጥበጥም ይታያል። አምፕሮሊየም የሚሠራው ጥገኛውን ቫይታሚን ቢ1 በማሳጣት ስለሆነ ይህ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ከአያቶቻችን የወረስናቸው ናቸው፤ አንንቃቸውም፤ ደም ለሚያስቀምጣት ጫጩት ግን አንመካባቸውም።

ያደገች ዶሮ እየበላች ከከሳችና እንቁላል ከቀነሰች ደግሞ ወስፋት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ትሉ ራሱ ኩስ ውስጥ ይታያል። ለዚህ አምፕሮሊየም አይረዳም፤ እንደ ፒፐራዚንና ሌቫሚሶል ያሉ የትል መድኃኒቶች ናቸው የሚያገለግሉት። ሁለቱን በዓይን መለየት ሲያስቸግር ትኩስ ኩስ በንጹሕ ዕቃ ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአይሜሪያው ቅንጣትና የወስፋቱ እንቁላል ይለያያሉ። ስለ ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረታት በክፍል የተማራችሁ ልጆች፣ ሐኪሙ ፈቃደኛ ከሆነ አሳዩን በሉት። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላል ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላም በዚያው ይጠየቅ።

የዶሮ አይሜሪያ ሰውን አይዝም። በኩስ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ሳልሞኔላ ግን ይይዛል፤ ስለዚህ ጫጩት የነካ ልጅ ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ።