የሌንስ ስፋትና የቤት ስፋት፦ በልደታ ኮንዶሚኒየም ለሚካሄድ የምስል ጥናት የሚረርለስ ካሜራ አመራረጥ

የልደታ ኮንዶሚኒየም ነባሩ የልደታ ሰፈር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ መልሶ ሲለማ የተገነባ የመኖሪያ መንደር ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ፣ እስከ ዛሬ ብዙዎች «ሕንፃ ኮሌጅ» ብለው የሚጠሩት የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ይገኛል። የቤቶች ጥናት የሚያካሂድ ተማሪ ሜትርና ካሜራ ይዞ ከእነዚህ ብሎኮች ወደ አንዱ ቢገባ የሚያስገርም አይደለም። ሜትሩን በተመለከተ ክርክር የለም። ካሜራው ላይ ግን ውይይቱ ብዙውን ጊዜ «የትኛው ቦዲ ይሻላል?» በሚል ጥያቄና በሜጋፒክስል ንጽጽር ይጀመራል። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ እንዳለበት ያሳያል፤ ለቤት ውስጥ ጥናት በመጀመሪያ የሚመረጠው ሌንስ ነው። የሌንሱ ምርጫም የዋጋ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የማስረጃ ታማኝነት ጉዳይ ነው።

በኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ምደባ ስቱዲዮ የሚባለው ቤት እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ቦታ አያገኝም። ካሜራው ከፊት ለፊቱ ግድግዳ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ቆሟል እንበል። በምስሉ ውስጥ የሚገባው የግድግዳ ስፋት የሚገኘው የሴንሰሩን ስፋት በርቀቱ አባዝቶ ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት በማካፈል ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት 36 ሚሊሜትር በመሆኑ ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ 3.1 ሜትር ያህል፣ ባለ 24 ሚሊሜትር 4.5 ሜትር፣ ባለ 16 ሚሊሜትር ደግሞ 6.75 ሜትር ይሸፍናል። አነስተኛውን የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ለሚጠቀም ሰው፣ ባለ 16 ሚሊሜትሩ ሌንስ በፉል ፍሬም ላይ ባለ 24 የሚሰጠውን እይታ ይሰጣል።

ከዚህ ስሌት በመነሣት ሰፊው ሌንስ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ የወደቀ ክብ ነገር፣ የሰው ራስም ሆነ ጀበና፣ ወደ ውጭ ይለጠጣል። በ24 ሚሊሜትር የግራና የቀኝ ጠርዝ ላይ ርዝመቱ ከወርዱ በ25 በመቶ ይበልጣል፤ በ16 ሚሊሜትር 50 በመቶ ይደርሳል። ከዚህ የሚከፋው የጥልቀቱ ነገር ነው። አንድ ምስል የቦታውን ትክክለኛ ጥልቀት የሚያሳየው፣ ተመልካቹ ከሌንሱ የእይታ ማዕዘን ጋር በሚመጣጠን ርቀት ላይ ሆኖ ሲያየው ነው። በጥናት ወረቀት ላይ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ይዞ የታተመ የ16 ሚሊሜትር ፎቶ፣ ዓይንን ከገጹ 7 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ አርቆ መታየት ነበረበት። እንደዚያ አድርጎ የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ የፊት ለፊቱ ግድግዳ የራቀ፣ ወለሉም የተንጣለለ ይመስላል። የቤት ሻጭና ደላላ ይህን ሌንስ የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ነው። አምስት ሰው በመጋረጃ ከፍሎ የሚኖርበትን ክፍል ሊያስረዳ የተነሣ ተመራማሪ ግን በዚህ ሌንስ የገዛ ራሱን መከራከሪያ ያፈርሳል፤ ጥበቱን የሚናገረውን ምዕራፍ አንብቦ ፎቶውን የሚያይ ሰው «ቤቱማ ሰፊ ነው» ማለቱ አይቀርም።

በመሆኑም ለክፍል ምስል 24 ሚሊሜትር ወይም አቻው የስፋት ወሰን ተደርጎ ቢወሰድ ይመረጣል። እርሱም ቢሆን ጥልቀትን በመጠኑ ያጋንናል፤ ከምስሉ ጎን የወለል ፕላን ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በ24 ሚሊሜትር ያልገባ ጥግ ካለ ሌላ ፎቶ ይነሣ እንጂ ሌንሱ አይስፋ።

የሕንፃውን የውጭ ገጽ ማንሣት ሌላ ችግር አለው። ከመሬት ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ ማዘንበል ቀጥ ያሉትን መስመሮች ወደ አንድ ነጥብ ያጋድላል። ይህን የሚያስተካክሉ ሺፍት ሌንሶች ቢኖሩም ዋጋቸው ለተማሪ የሚቀመስ አይደለም። ኮንዶሚኒየሞቹ ግን ራሳቸው መፍትሔ ይሰጣሉ፤ ደረጃዎቻቸውና መተላለፊያዎቻቸው ለውጭ ክፍት ናቸው። ቁመቱ 15 ሜትር፣ ርቀቱ 12 ሜትር የሆነ ብሎክ፣ ከትይዩው ብሎክ መካከለኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ካሜራውን በቁም በመያዝ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ያለ ምንም ማዘንበል ሙሉ በሙሉ ይገባል።

ብርሃኑ የበለጠ ትኩረት ይሻል። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በቀትር ወደ አናት ትጠጋለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። በዚህ ሰዓት ጨረሩ በመስኮት ወደ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ደጁ እየነደደ ክፍሉ ይጨልማል። ሚረርለስ ካሜራ ከቀደመው ባለ መስታወት ካሜራ በግልጽ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። በኤሌክትሮኒክ መመልከቻው ውስጥ የሚታየው ሴንሰሩ የሚቀበለው ምስል ስለሆነ፣ መስኮቱ ነጭ ሆኖ መጥፋቱ ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ይታወቃል። በሮው ፋይል፣ በዝቅተኛ አይኤስኦና በትራይፖድ ማንሣት፣ ወይም ከቀትር በፊትና በኋላ ያለውን ሰዓት መምረጥ የቀረውን ያቃልላል።

ቡና የሚቆላ እጅ ግን ትራይፖድን አይጠብቅም። ደብዘዝ ባለ ክፍል፣ በአይኤስኦ 1600 እና በኤፍ/4 መክፈቻ የሹተሩ ፍጥነት 1/30 ሰከንድ ገደማ ቢሆን፣ በኤፍ/2 ወደ 1/125 ያድጋል። የካሜራው የውስጥ ማረጋጊያ የፎቶ አንሺውን እጅ እንጂ የቆይዋን እጅ አያረጋጋም። ስለዚህ ከ24ቱ ጎን ኤፍ/2 ወይም ከዚያ የሰፋ መክፈቻ ያለው፣ የ35 ሚሊሜትር አቻ እይታ የሚሰጥ ሌንስ ያስፈልጋል። ሁለት ሌንስ ይበቃል። ሌንስ በተቀየረ ቁጥር፣ ከፊቱ መስታወት የሌለው ሴንሰር ለአቧራ ይጋለጣልና ማብዛቱ ጉዳት አለው።

በሰው ቤት ውስጥ የሹተር ድምፅ ስለሚረብሽ ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ይመረጥ ይሆናል። ይሁንና ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ፈጣን ሹተር ሲመረጥ በምስሉ ላይ ጥቁር መቀነት የሚፈጠረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ ችግሩን በአብዛኛው ያስወግዳል።

የቦዲ ምርጫ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሶኒ ኤ6400 ክብደቱ 403 ግራም ብቻ ሲሆን የውስጥ ማረጋጊያ የለውም። በ2020 የወጣው ፉጂፊልም ኤክስ-ኤስ10 በተመሳሳይ የሴንሰር መጠን ማረጋጊያውን ይጨምራል፤ የካርድ ማስገቢያው ግን አንድ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኒኮን ዜድ5 ፉል ፍሬም ሴንሰር፣ የውስጥ ማረጋጊያና ሁለት የካርድ ማስገቢያዎች አሉት፤ ክብደቱ 675 ግራም ነው። የሦስቱም ጥራት በ24 እና በ26 ሜጋፒክስል መካከል ስለሆነ ቁጥሩ ለውሳኔ አይረዳም። ለዚህ ዓይነት ጥናት ሚዛን የሚደፋው ሁለተኛው ካርድ ነው። በሩን አንድ ጊዜ የከፈተ ቤተሰብ፣ ካርድ ተበላሸ ተብሎ ሁለተኛ ጊዜ ቢጠየቅ ላይፈቅድ ይችላል። ዜድ5 አገልግሎ በተመጣጣኝ ዋጋ ከተገኘ ከአዲሱ ኤ6400 ይልቅ ቢመረጥ ያስኬዳል። ክብደት የሚያሳስበው ሰው ኤክስ-ኤስ10ን ይዞ በየምሽቱ ፋይሉን በሌላ ዲስክ ይገልብጥ።

ነባር ሌንስ ያለው ተማሪ ስሌቱ ይለወጥለታል። በካነን ኢኤፍ ሥርዓት ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 44 ሚሊሜትር ነው፤ በካነን አርኤፍ 20፣ በሶኒ ኢ 18፣ በኒኮን ዜድ 16 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱን አዳፕተር ይሞላዋል። በካነን የራሱ አዳፕተር የኢኤፍ ሌንሶች አውቶፎከስ በአርኤፍ ቦዲዎች ላይ ይሠራል። የኒኮን አዳፕተር ግን ሞተር ስለሌለው የቆዩት ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በእጅ ብቻ ይስተካከላሉ። ለማይንቀሳቀስ ክፍል ይህ ጉድለት አይደለም። ሆኖም ኤሌክትሮኒክ ግንኙነት የሌለው ሌንስ በፋይሉ ውስጥ የትኩረት ርዝመቱን በራሱ አይመዘግብም። ስለዚህ የሌንሱ ቁጥር፣ የካሜራው ከፍታና ከግድግዳው ያለው ርቀት እዚያው ክፍሉ ውስጥ እያሉ በመስክ ማስታወሻ ላይ መጻፍና ከፎቶው ሥር በሚገባው መግለጫ ውስጥ መስፈር አለባቸው።