አዲስ ፒክአፕ ዳገት ላይ ለምን ያንኳኳል?

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ድንች ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያቀና ባለ አዲስ ፒክአፕ ነጋዴ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ሲይዝ ከሞተሩ የቆርቆሮ ኳኳታ ሊሰማ ይችላል፡፡ ጉዳዩ የቤንዚን ሞተርን ይመለከታል፤ ናፍጣ ከተፈጥሮው ጯሂ ነው፡፡

ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳያዳርስ የቀረው ቤንዚን በሙቀትና በግፊት ራሱ ሲቀጣጠል ነው የሚያንኳኳው፡፡ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ የሲሊንደሩ ግፊት ስለሚቀንስ ደካማ ቤንዚን እንኳ ዝም ይላል፡፡ ሸለቆው ግን ዝቅተኛና ሞቃት ነው፤ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ነው፡፡

ሾፌሩ ወዲያው ማርሽ ቀንሶ ነዳጁን ማላላት አለበት፡፡ በከባድ ማርሽ መርገጥ ሲደጋገም ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል፤ የሚያንኳኳ ሞተር ደግሞ በሽያጭ ቀን ደላላው ዋጋ ይቆርጥበታል፡፡

ቀጥሎ የሚጠረጠረው በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ነው፡፡ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ይወርዳል፡፡ ታንከሩ ከማደያ ተሞልቶ ድምፁ ከጠፋ ነገሩ አለቀ፡፡ ካልጠፋ የራዲያተሩን ውሃና የካንዴላውን ዓይነት ማየት ነው፡፡ እንደ ድሮው ዲስትሪቢዩተር አዙሮ ማስተካከል በአዲሶቹ አይሠራም፤ ሥራውን ኮምፒዩተር ይዞታል፡፡ ስለዚህ የሰፈር መካኒክ ሞተሩን ሳይከፍት፣ ዋስትናውም ሳያልፍ፣ የማደያውን ደረሰኝ ይዞ ወደ ሻጩ መሄድ ይሻላል፡፡