ተሳቢው ይቀጥል ወይስ ይቀር?

በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን ከአሰብ ወደብ በተነሣው የእርዳታ እህል ጉዞ ችግሩ ይብስ የነበረው ከዋናው መንገድ ከተወጣ በኋላ ነበር። ዛሬም እንሴኖ ደርሶ በጥርጊያ መንገድ ወደ ዙሪያው ቀበሌዎች የሚያጓጉዝ ኃላፊ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይመርምር፦

1. አፈሩን፤ ዋልካ በበጋ ቢጠነክርም ዝናብ ሲነካው ጎማ ይውጣል።
2. የወንዝ መሻገሪያውን ቁልቁለትና ዳገት።
3. የመዞሪያ ስፍራን፤ ተሳቢ ወደ ኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነውና።

አንዱ እንኳ ካጠራጠረ ተሳቢውን በጥበቃ ሥር ትቶ መመላለስ ይመረጣል። ምልልሱ ነዳጅና ጊዜ ይፈጃል። ሆኖም ተሳቢው ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም መኪናውም አብሮ ይቆማል። በመኪናው ላይ ያለው 200 ኩንታል እህል በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ ቢታደል ከ1,300 ለሚበልጡ ተረጂዎች የወር ቀለብ ነው።