የሳይንስ ትምህርት፦ «ለቀቀ» የሚለው ግሥ

በጂቡቲ ከተማ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም በብሎኬት ወይም በድንጋይ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከደጁ ይብሳል። «ፀሐይ ሄዳ ሙቀቱ ከየት መጣ?» ለሚል ጠያቂ መልሱ ያለው ለቀቀ በሚለው ግሥ ውስጥ ነው።

«ጨርቁ ቀለም ለቀቀ» ስንል ቀለሙ አስቀድሞ በጨርቁ ውስጥ ነበረ ማለታችን ነው። በሳይንስም አንድ አካል የዋጠውን ኃይል በጨረር መልክ ሲያወጣ «ጨረር ለቀቀ» ይባላል። «አንጸባረቀ» ግን ሌላ ነው፤ መስተዋት የሚመልሰው ያልዋጠውን ብርሃን ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መስተዋቱ ወዲያው ይጨልማል፤ ግድግዳው ግን ቀን የዋጠውን ሙቀት ለሰዓታት ይለቃል።

ይህ ጨረር በዓይን አይታይም፣ በቆዳ ግን ይታወቃል። እንጀራ ተጋግሮ እሳቱ ከወጣ በኋላ እጅዎን ሳያስነኩ በምጣዱ ጎን ያቅርቡ። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ወደ ጎን የሚሰማዎት በአብዛኛው የተለቀቀው ጨረር ነው።

2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚመታት በዚሁ ግሥ ነው። መሬቱ ሌሊት ሙቀቱን ይለቃል፤ ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ጨረሩ ሽቅብ ያመልጣል። ገብሱን የሚያቃጥለው ብርድ ከዚያ ይመጣል። እዚህ ግን የባሕር እርጥበት ያለበት አየር የተለቀቀውን ሙቀት ውጦ ከፊሉን ወደ ታች ይመልሰዋል።

ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። በባልባላ የቆርቆሮ ቤቶች ቀኑ የሚከፋው፣ በብሎኬት ቤት ደግሞ ምሽቱ የሚከፋው ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚብሰው የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ነው። ሕፃን ሞቀኝ ብሎ ከቦታው ሊነሣ ስለማይችል መኝታውን ከዚያ ግድግዳ አርቁ። ከቀትር አስቀድሞ በውጭ በኩል ሰሌን መጋረድ ወይም ኖራ መቀባት ይጠቅማል፤ ግድግዳው ያልዋጠውን አይለቅምና።

መልመጃ፦ «ይለቃል» ወይም «ያንጸባርቃል» በማለት ሙሉ።
ሀ) ጨረቃ የፀሐይን ብርሃን ____።
ለ) የጋለ ብረት ቀይ ብርሃን ____።
ሐ) በፍሎረሰንት መብራት ውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት የማይታየውን ጨረር ውጦ የሚታይ ብርሃን ____።

መልስ፦ ሀ) ያንጸባርቃል፤ ለ) ይለቃል፤ ሐ) ይለቃል።