ስለ ኅዳር በሽታና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ መንግሥትና ሕዝብ ስለሚተባበሩበት ሥራ

በ1911 ዓ/ም በኅዳር ወር አዲስ አበባ የገባውን ብርቱ ጉንፋን አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው ጠሩት። ፈረንጆች «የእስፓኝ ጉንፋን» ይሉታል፤ ይኸውም ከእስፓኝ ስለ ተነሣ አይደለም። በጦርነት ላይ የነበሩት መንግሥታት ወሬውን ሲሸሽጉ ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው የእስፓኝ ጋዜጦች ስለ ጻፉት ነው። በዓለም ሁሉ የሞተው ሰው እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል፤ በአዲስ አበባ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደ ሞተም በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል።

ሕዝቡ በሽታው ከክፉ አየር የመጣ መስሎት ጥራጊ እየሰበሰበ አቃጠለ፤ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ይጤሳል። ጽዳቱ መልካም ነው፤ ጭሱ ግን ይህን በሽታ አያባርርም፤ ሳንባው የታመመውንም ሰው ይጐዳል። የጉንፋኑ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚተላለፈውም የታመመው ሰው ሲያስልና ሲያነጥስ በሚረጨው ጠብታና በእጅ ንክኪ ነው።

በዚያ ዘመን የነቀምት ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ነበሩ። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት ያለው 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በበቅሎ የብዙ ቀን ጉዞ ነበር። ኅዳር ደግሞ በወለጋ ቡና የሚለቀምበት ወር ነው፤ በነጋዴ እግር የሚሄድ በሽታም ከመልእክተኛ ወደ ኋላ አይቀርም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ገና አልነበረም፤ የተቋቋመው በ1940 ዓ/ም ነው።

በ2012 ዓ/ም የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 ቀን በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ተማሪ ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያው ጊዜ ግን በምዕራብ ወለጋ፥ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ የተከፈተውም በመጋቢት ፍጻሜ ገደማ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ በወጣባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ወገን ያለ ሰው ለሐኪም መደወል አልቻለም። ትእዛዝ ቢበዛ መስማት ለማይችል ሰው ምን ይረባዋል?

በዛሬው ሥርዓት ወረርሽኝ ጉንፋን ሳይውል ሳያድር ከሚነገሩት በሽታዎች አንዱ ነው። ወሬው ከቀበሌው ጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያ ወደ ወረዳ፥ ወደ ዞንና ወደ ክልል አልፎ ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። መነሻው ግን ብዙ ጊዜ የመምህሩ መዝገብ ነው። ከ40 ተማሪዎች በየቀኑ ሦስት ይቀሩ የነበሩበት ክፍል በድንገት 12 ቢቀሩበት፥ የቀሩበትንም ምክንያት ሲጠይቅ ትኩሳትና ሳል ቢሆን፥ መምህሩ የሳምንቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ ለጤና ኬላው ይንገር። ስልክ ከሌለ በጽሑፍ ይላክ፤ ጽሑፉም ቀኑን፥ መንደሩን፥ የታመሙትን ቍጥርና ዕድሜ፥ የሞተም ካለ ይናገር።

የአገር ሽማግሎች ፈንታ ከዚህ ይከብዳል። ለቅሶ ቤት እንዳይጨናነቅ፥ ገበያው እንዲራራቅ ወይም ለጊዜው እንዲቀር የሚሰማው ከደብዳቤ ይልቅ ከነርሱ አፍ ነው። ማስታወቂያውም በኦሮምኛ በገበያ ይነገር። የታመመውን ሰው ቤት ስም ግን በአደባባይ አይጥሩ፤ እንዲህ ከተደረገ ጎረቤቱ የራሱን በሽተኛ ይደብቃል፥ የመምህሩም ቍጥር ይሳሳታል።