ልጃችሁ ሲመሽ ግድግዳ ይዳብሳል?



በመንዝና በግሼ ደጋ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ቶሎ ይገባል። በጎች ወደ በረት፣ ዶሮዎች ወደ ቆጥ ይሄዳሉ፤ ልጆች ግን እናት ተቆጥታ እስክትጣራ ድረስ ከደጅ አይገቡም። ከመካከላቸው አንዱ ገና መግሪብ ሳይደርስ ጨዋታውን ትቶ ምድጃ ሥር የሚቀመጥ፣ ውኃ አምጣ ሲባል ግድግዳ እየዳበሰ የሚሄድ፣ ደፉ የሚያደናቅፈው ከሆነ «ሰነፍ ነው፣ እንቅልፋም ነው» ብላችሁ አትለፉት። አንዲት እናት «ልጄ ሲመሽ ይፈዝብኛል» ብለው የሆድ ትላትል መድኃኒት ሊገዙ መድኃኒት ቤት መጥተው ነበር። ቀን ቀን እንዴት እንደሚሆን ስጠይቃቸው «ቀንማ መርፌ ከመሬት ያነሣል» አሉኝ። ይህ ዳፍንት ነው።

ለመሆኑ ቀን መርፌ የሚያይ ዓይን ማታ ደፉን እንዴት ያጣዋል? ከዓይናችን በስተጀርባ ውስጡን የለበሰ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ነው። በዚህ ሽፋን ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ይገኛሉ። ሾጣጣዎቹ 6 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ በቀን ብርሃን ይሠራሉ፣ ቀለምም ይለያሉ። ዘንግ መሰሎቹ ከ90 እስከ 120 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ቀለም አይለዩም፣ ነገር ግን እጅግ ደካማ በሆነ ብርሃን ያያሉ። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት በአብዛኛው ሁለቱም ዓይነት አላቸው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። ዶሮ ሾጣጣዎቹ ስለሚበዙላት ቀለም በመለየት ከእኛ ትበልጣለች፤ ሲመሽ ግን ማየት ስለሚያዳግታት ቀድማ ቆጥ ላይ ትወጣለች። በግና ጅብ ደግሞ ከሬቲናቸው ጀርባ ብርሃኑን መልሶ የሚያንጸባርቅ ንጣፍ አላቸው። በባትሪ ስናበራባቸው ዓይናቸው የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ይህ ንጣፍ ስለሌለን ማታ የምንተማመነው በዘንግ መሰሎቹ ብቻ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ሮዶፕሲን በሚባል ቀለም የተሞሉ ናቸው። ሮዶፕሲን ከፕሮቲንና ከቫይታሚን ኤ ከሚሠራ ሬቲናል ከሚባል ነገር የተገጣጠመ ነው። ሬቲናሉ እንደ ታጠፈ ሽቦ ነው፤ ብርሃን ሲነካው ቀጥ ይልና ከፕሮቲኑ ይላቀቃል፣ በዚያች ቅጽበት ለአንጎል መልእክት ይሄዳል። እንደገና ለማየት ሬቲናሉ ከሬቲናው ጀርባ ወዳለው ጥቁር ሽፋን ሄዶ፣ ታጥፎ መመለስ አለበት። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ስንገባ ዓይናችን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጅበት ለዚህ ነው። በዚህ ምልልስ የሚጎድለውን የሚተካው ጉበት ውስጥ የተከማቸው ቫይታሚን ኤ ነው። ክምችቱ ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚከሥሩት ዘንግ መሰሎቹ ናቸው። በሬቲና ውስጥ ቫይታሚን ኤ መኖሩን በ1933 እ.ኤ.አ. ያገኙት ጆርጅ ዋልድ በ1967 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከእርሳቸው ዘጠኝ መቶ ዓመት ቀደም ብለው ኢብኑል ሀይሠም «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን እንደሚገባ አስረድተው ነበር፤ ብርሃኑን የሚቀበለው ግን የዓይን ሌንስ ይመስላቸው ነበር።

ዳፍንት በራሱ ይድናል። የሚያስፈራው ተከትሎት የሚመጣው ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረቱ ከቀጠለ የዓይኑ ነጭ ክፍል ይደርቃል፤ በጎኑ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል። ቀጥሎ ከፊት ያለው መስታወት መሰል ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ ይቆስላል። ኮርኒያ ከተበላሸ በኋላ ጉበትም ሆነ እንክብል አይመልሰውም። በተለይ ኩፍኝ ያለውን ጥቂት ክምችት በቀናት ውስጥ ሊጨርሰው ይችላልና ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ያ አረፋ መሰል ነጠብጣብ ከመቶ 1.7 ሕፃናት ላይ ታይቷል፤ ከመቶ 0.5 ካለፈ የሕዝብ ጤና ችግር ነው የሚባለው። በደማቸው ውስጥ እጥረቱ የተገኘባቸው ደግሞ ከመቶ 37.7 ነበሩ።

ወደ ማዕዳችን እንመለስ። ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ በሶና ቆሎ ሆድ ይሞላሉ፣ ጉልበትም ይሰጣሉ፤ እዚህ ግባ የሚባል ቫይታሚን ኤ ግን የላቸውም። እንቁላሉና ቅቤው ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ በጨውና በጋዝ ይለወጣል! ችግሩን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሳምንቱ እንቁላል ሁለት ሦስቱ ለትንሹ ልጅ ይቅር። ማንጎና ፓፓያ የቆላ ፍሬ ናቸው፤ ወደ መርሐቤቴ ቆላ የምትወርዱ ስትመለሱ ይዛችሁ ኑ። ደጋ ላይ ያለነው ጎመን፣ ካሮትና ዱባ አለን። ጎመኑ በውኃና በጨው ብቻ ከተቀቀለ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ቫይታሚኑ ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ስለሆነ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አድርጉበት። አያቶቻችን ለዳፍንት ጉበት ማብላታቸው ትክክል ነበር። በዒደል አድሃ በግ ሲታረድ በደንብ የበሰለው ጉበት ቀድሞ ለሕፃናት ይድረስ። በሌላ በኩል ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ካሮት ስላበዛ እይታው አይጨምርም።

እንክብሉን በተመለከተ፣ ጤና ጣቢያ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000 ዩኒት፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 200,000 ዩኒት ነው። ተጨማሪ ገዝታችሁ አትደርቡ። ነፍሰ ጡር እህቶቼ ሆይ፣ ለልጅ የተሰጠውን እንክብል «ለእኔም ይጠቅመኛል» ብላችሁ እንዳትውጡ፤ ይህን ያህል መጠን በማሕፀን ያለውን ፅንስ አካል ሊያጎድል ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ጉበትም አዘውትሮ አይበላም። ሲመሽ ማየት ካቃታችሁ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው መጠን እጅግ ያነሰ ነውና ለአዋላጇ ንገሩ።

ዳፍንት ሁሉ ግን ከምግብ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ማታ የማያይ፣ እያደገም ሲሄድ የጎን እይታው እየጠበበ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ የሚሆንበት፣ በወንድም በእህቱም ላይ ያው የሚታይበት ሰው ዘንግ መሰሎቹ ሕዋሳት በዘር በሚወረስ በሽታ እየሞቱ ሊሆን ይችላል። ይህን ጉበት አይፈውሰውም፤ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም ሌላ የዓይን ሐኪም ያለበት ቦታ ሬቲናው መታየት አለበት።