ያልታወጀው ማዕቀብ፦ የኖርዌይ ዓሣና የቻይና ገበያ

አንድ አገር የሌላውን ሸቀጥ ከገበያው ለማስወጣት የግድ አዋጅ ማውጣት አያስፈልገውም። በመግቢያው በር ላይ ያለው መርማሪ "ምርመራው እስኪያልቅ ይቆይ" ካለ በቂ ነው። በኖርዌይና በቻይና መካከል ለስድስት ዓመታት የዘለቀው ኩርፊያ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖርዌይ ለሕዝባዊት ቻይና ቀድመው ዕውቅና ከሰጡት የምዕራብ አገሮች አንዷ ናት። ዕውቅናውን የሰጠችው በ1950 ሲሆን፣ የዲፕሎማሲ ግንኙነቱ የተመሠረተው በ1954 ነው። በ2008 ደግሞ ሁለቱ አገሮች የነፃ ንግድ ስምምነት ለመፈራረም ድርድር ጀመሩ።

ይሁን እንጂ በኦክቶበር 2010 የኖቤል የሰላም ሽልማት በቻይና ታስረው ለነበሩት ለሊዩ ሺያቦ ተሰጠ። የሽልማቱን ኮሚቴ አባላት የሚሰይመው የኖርዌይ ፓርላማ ነው። የኖርዌይ መንግሥት ኮሚቴው ነፃ እንደሆነና በውሳኔውም እጁ እንደሌለበት ቢያስረዳም፣ ቤጂንግ አልተቀበለችውም። የሚኒስትሮች ግንኙነት ቀዘቀዘ፤ የነፃ ንግድ ድርድሩም ቆመ።

ቁጣው ለምን ዓሣ ላይ አረፈ?

የሁለቱ አገሮች ንግድ በጠቅላላው አልተቋረጠም። በይበልጥ የተመታው ሳልመን የተባለው ዓሣ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትኩስ ሳልመን በበረዶ ታሽጎ በአውሮፕላን የሚጓዝ፣ ጥቂት ቀናት ከዘገየ ዋጋውን የሚያጣ ሸቀጥ ነው። ብረት ወይም ማሽን መጋዘን ውስጥ ወር ቢቀመጥ ባለቤቱ ኪራይ ይከፍላል እንጂ ሸቀጡን አያጣም። ዓሣ ግን አይጠብቅም። በ2011 መጀመሪያ ቻይና የምርመራ ደንቧን ስታጠብቅ፣ የኖርዌይን ዓሣ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ሳጥኖቻቸው በቁጥጥር ሥር ይዘገዩባቸው ጀመር።

በ2010 ከቻይና የትኩስ ሳልመን ግዢ 90 በመቶ ገደማ የኖርዌይ ነበር። በ2013 ይህ ድርሻ ወደ 30 በመቶ ገደማ ወረደ።

ማን ተጠቀመ?

ቻይናውያን ሳልመን መብላት አላቆሙም። የሻጩ ማንነት ግን ተለወጠ፤ ስኮትላንድና የፋሮ ደሴቶች ክፍተቱን ሞሉት። አይስላንድ በበኩሏ በ2013 ከቻይና ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት በመፈረም ከአውሮፓ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያው ሰሞን ወደ ቬትናም የሚላከው የኖርዌይ ሳልመን በድንገት አሻቀበ። ከዚህ ብዙው ድንበር ተሻግሮ ቻይና ይገባ እንደነበር የዘርፉ አጥኚዎች ጽፈዋል። እንዲህ ያለው የዙሪያ መንገድ ዓሣውን ገዢው ዘንድ ቢያደርሰውም፣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ወጪውና ሥጋቱ ይጨምራል።

ዕርቁ የወረደው በዲሴምበር 2016 ነው። በጋራ መግለጫው ኖርዌይ የቻይናን መሠረታዊ ጥቅሞች የሚጎዳ ድርጊት እንደማትደግፍ አስታወቀች። ለዚህ ቃል የአገር ውስጥ ተቺዎች አልጠፉም። በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ ቤጂንግን ጎበኙ፤ የነፃ ንግድ ድርድሩም እንደገና ተጀመረ። የኖርዌይ ሳልመንም በኋለኞቹ ዓመታት ከቀዳሚዎቹ አቅራቢዎች ተርታ ተመለሰ።

ለነጋዴው የሚተርፈው ትምህርት

አንደኛ፣ የፖለቲካ ጠብ ሲነሣ ቀድሞ የሚመታው ቶሎ የሚበላሽ ሸቀጥ ነው። አበባ፣ ፍራፍሬ፣ ሥጋና ዓሣ ላኪ ከዋጋው እኩል የመንግሥታቱን ግንኙነት መከታተል ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ሸቀጡ በገዢው አገር በሌላ ሊተካ የሚችል ከሆነ ማዕቀቡ ይሠራል። ገዢው ሌላ ሻጭ ካላገኘ ግን የሚጎዳው ራሱን ነው።

ሦስተኛ፣ የኖርዌይ ዓሣ አርቢዎች በዚህ ሁሉ ያልከሰሩት ዋናው ገበያቸው የአውሮፓ ኅብረት ስለነበረ ነው። ቻይና ለእነርሱ ተስፋ እንጂ የዕለት እንጀራ አልነበረችም። ያላቸው ገበያ ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኩርፊያው ስድስት ዓመት ቀርቶ ስድስት ወርም ባላስቆማቸው ነበር። "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" የሚባለው ለገበያም ይሠራል።